ጉልበቴ ቀጭ እያለ ዮጋ ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሞኑን ከየካ አባዶ ረዘም ያለ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁሉንም ማስነበብ ስለማይቻል ቆራርጬ ነው የማስቀምጠው። «ጉልበት ያጣሁት» ብላ ነው የፈረመችው፣ እኔም እንደዛው እጠራታለሁ።

«እትዬ እንደምን ከረሙ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የዛሬ 6 ዓመት ከታክሲ ስወርድ ወድቄ ቀኝ ጉልበቴን ተመትቼ ነበር፣ ያኔ ወጌሻ አሽቶኝ ተሻለኝ። ከዛ ወዲህ ግን ደረጃ ስወርድ ይቆጠቁጠኛል፣ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከ3 ወር በፊት ጎረቤቴ ገፋፍታኝ በዩቱብ እያየን ሳሎኔ ውስጥ ዮጋ ጀመርን፣ ወገቤ በጣም ተሻለኝ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ። ባለፈው ሎተስ የሚባለውን፣ እግርን አጣጥፎ ጭን ላይ መጫኑን፣ ስሞክር ጉልበቴን ከውስጥ በኩል እንደ መርፌ ወጋኝ፣ በማግስቱ ትንሽ አበጠ፣ አሁን እብጠቱ ጠፍቷል። የዩቱቧ ልጅ ህመሙ ላይ ተንፍሱበት፣ ጉልበታችሁ ቀስ እያለ ይከፈታል ትላለች። ጎረቤቴ ሪህ ነው ትለኛለች። እናቴ ደሞ ስግደት እያለልሽ የህንድ ነገር ምን ያደርግልሻል ትላለች። ወንድሜ የጉልበት ማሰሪያ ልግዛልሽ ይላል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? የህመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ ውጬ ብሰራስ?»

የኔ እህት፣ መልሱን መጨረሻ ላይ ከምደብቅብሽ አሁኑኑ ልንገርሽ። ዮጋውን አትተይው። ሎተሱን ግን ተይው፣ ለዚህ ሳምንት ወይ ለዚህ ወር ብቻ ማለቴ አይደለም። እስከ መቼ ካልሽኝ እኔ ከተውኩት ዓመታት አልፈውኛል፣ እስካሁን ማንም መጥቶ ሎተስሽ የታል ብሎ አልጠየቀኝም።

ዳይክሎፌናክ ውጬ ብሰራስ ያልሽውን ሳነብ ግን ራሴን ነው የያዝኩት። ይሄማ ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን ከፍቶ እንደመተው ነው። ወጋ የሚያደርግሽ ነገር «እዚህ ጋ በቃሽ» እያለሽ ነው፣ እሱን በኪኒን ዝም ካሰኘሽው ምን ያህል እንደገፋሽ የምታውቂው በማግስቱ ሲያብጥ ነው። መድኃኒቱ ራሱም እንደ ከረሜላ ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡት አይደለም፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ያለበትን ሰው ግፊቱን ይጨምርበታል። ሐኪም በልኩ ካዘዘልሽ ሌላ ነገር ነው፣ ለዮጋ ተብሎ ግን በጭራሽ።

ወደ ዮጋው ከመግባቴ በፊት ደሞ አንድ ነገር እንለይ። ጉልበትሽ ተቆልፎ አልዘረጋም ወይ አልታጠፍም ካለ፣ ቆመሽ እያለ ድንገት እየከዳሽ ከሆነ፣ ተጠምዝዞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፊኛ የሚያክል ከሆነ፣ እግርሽን መርገጥ ካቃተሽ፣ ቀልቶ ግሎ ትኩሳት ካለው፣ ወይ ባትሽ አብጦ ካመመሽ የኔን ጽሑፍ አስቀምጪና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ያንቺ በማግስቱ ትንሽ አብጦ በራሱ ጠፍቷል፣ ስለዚህ የሚያስሮጥ አይመስለኝም። ቢሆንም 6 ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ የሚቆጠቁጥ ጉልበት አንዴ ባለሙያ በእጁ ይዞ ሊያየው ይገባል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሪፈር አጽፊ፣ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ በይ፣ አፍረሽ ዝም አትበይ። ራጅ ተነስተሽ «ምንም የለም» ቢሉሽም ነገሩ እዛ ላይ አላለቀም፣ ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ነው፣ ጅማቱንና በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ትራስ አያሳይም። ወጌሻውን በተመለከተ ያኔ ተሻለሽ እግዜር ይመስገን፣ ካሁን በኋላ ግን ያበጠ ጉልበት አታሳሺ፣ አታስጎትቺ።

ቀጭ ቀጩ ሳያም፣ ሳያብጥ ብቻውን የሚጮህ ከሆነ እርሺው። የኔማ ስሰግድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰው ዞሮ ያየኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኛ ቤት የማድቤት በር አለ፣ የልጄ ልጆች እጀታው ላይ እየተንጠለጠሉ ዥዋዥዌ ሲጫወቱበት ከርመው ማጠፊያው ብሎኑ ላልቶ አሁን በሩ ሲከፈት ሴራሚኩን እየፋቀ ጭርር ይላል። በሩ ምንም አልሆነ፣ ግድግዳውም ምንም አልሆነ፣ የተጎዳው መሀል ያለው ማጠፊያ ነው። ማጠፊያ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው የተሰራው፣ ሰው እንዲንጠለጠልበት አይደለም። ጉልበትም እንደዛው ነው፣ ስራው መታጠፍና መዘርጋት ነው፣ ታጥፎ እያለ ትንሽ ዞር ማለት ይችላል፣ በቃ ትንሽ። ዳሌ ግን ሌላ ነው፣ የጭን አጥንት ጫፉ ኳስ ነው፣ የሚገባበትም እንደ ስኒ የተቦረቦረ ነው፣ እንደፈለገ ይሽከረከራል። ሎተስ ስትሰሪ መዞር ያለበት ዳሌሽ ነው። ዳሌ ግን በወንበርና በታክሲ ወንበር ሲኖር ይደርቃል፣ ከአባዶ መገናኛ ትራፊክ ካለ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጪ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዳሌው አልዞርም ሲል አንቺ ደሞ ቁርጭምጭሚትሽን በእጅሽ ይዘሽ ወደ ጭንሽ ስትጎትቺው፣ ዳሌ ያልሰጠሽን ነገር ከጉልበት ነው የምትወስጂው። እዛ መሀል ሜኒስከስ የሚባሉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆኑ ሁለት ትራሶች አሉ፣ በውስጥ በኩል ያለው ጠበቅ ብሎ የተያዘ ስለሆነ እንደልቡ ሸሸት አይልም፣ ሲጠመዘዝ እሱ ነው የሚቆነጠጠው። ያንቺ እሱ ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ መማል አልችልም፣ ግን «ከውስጥ በኩል እንደ መርፌ» ስትዪ ቆም ብዬ ነው ያነበብኩት። ደም የሚደርሰው ዳር ዳሩን ብቻ ስለሆነ አንዴ ከተቀደደ ቶሎ አይድንም፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይድንም።

ስለዚህ «ጉልበታችሁ ይከፈታል» የምትለዋን ልጅ ስሟንም አላውቀው፣ ክፋትም የላትም ይሆናል፣ ግን ጉልበት የሚባል ነገር አይከፈትም። የሚከፈተው ዳሌ ነው፣ እሱም በወራት እንጂ በትንፋሽ አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው ደሞ የዳሌው አጥንት አፈጣጠሩ ሎተስ አይፈቅድለትም፣ መቶ ዓመት ቢተነፍስም።

እኔ ይሄን በመጽሐፍ አልተማርኩትም። በ2006 ዓ.ም. ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ ክፍል እከፍል ነበር፣ ቦታውን አልጠራውም። ቢራቢሮ የሚሉትን፣ የሁለት እግርን መርገጫ አጋጥሞ ጉልበትን ወደ ጎን መልቀቁን፣ ቁጭ ብለን ስንሰራ አስተማሪው ከኋላዬ መጥቶ በሁለት እጁ ጉልበቶቼን ወደ መሬት ተጫናቸው። ለማገዝ ነው። ጧ የሚል ድምጽ እኔም ሰማሁ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮም ሰማች። እሱ «ተለቀቀ!» አለ፣ ደስ ብሎት። እኔ ለስድስት ሳምንት በምርኩዝ ሄድኩ። እና እህቴ፣ ክፍልም ገብተሽ ብትሰሪ፣ ጎረቤትሽም ብትሆን፣ ጉልበትሽ ላይ እጅ የሚያሳርፍ ሰው ካለ «እኔን አትንኪኝ» በይ፣ ነውር አይደለም።

እሺ እንዴት ልስራ ካልሽኝ፣ መጀመሪያ እቃ እናዘጋጅ፣ የሚገዛ ነገር የለም። አንድ ወፍራም ጋቢ፣ አንድ መቀነት፣ የማይነቃነቅ ወንበር ግድግዳ አስደግፈሽ፣ እና ብሎክ። ብሎክ ስል የኮንዶሚኒየሙን ብሎክ ማለቴ አይደለም፣ መሬት አልደርስ ሲልሽ እጅሽን የምታሳርፊበት ነገር ነው፣ ውሃ የሞላ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አሪፍ አድርጎ ያገለግላል። ይሄ ለሰነፍ ነው እንዳትዪኝ። አየንጋር የሚባሉት ታላቁ የህንድ አስተማሪ ናቸው ቀበቶውን፣ እንጨቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ወንበሩን በዮጋ ውስጥ ያስፋፉት፣ እሳቸው ደሞ በልጅነታቸው በሽተኛና ደካማ ነበሩ፣ በፈረንጅ 1918 ተወልደው በ2014 ነው ያረፉት፣ 95 ዓመት ኖረዋል። እሳቸው ያላፈሩበትን ወንበር እኔና አንቺ ምን አስፈራን።

ደሞ የምትሰሩበትን ሰዓት አልነገርሽኝም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሆነ ቀይሪው ባይ ነኝ። የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ያለበት ሴራሚክ ላይ ከአልጋ ወርዶ ቀጥታ እግር ማጠፍ የታመመ ጉልበት አይወደውም። ቡና ከጠጣሽ፣ ቤት ከጠረግሽ፣ ሰውነትሽ ከሞቀ በኋላ ይሁን፣ ካልሆነም መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ 5 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ በይ።

አቀማመጡን እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙው ጉዳት ያለው ቁጭ ብለን «አረፍኩ» ስንል ነው። እግርሽን አጣምረሽ መቀመጥ ከፈለግሽ መሬቱ ላይ አትቀመጪ፣ ጋቢውን አራት አጥፈሽ ከመቀመጫሽ ስር አድርጊው፣ ከፍታው መብቃቱን የምታውቂው ጉልበቶችሽ ከዳሌሽ ዝቅ ብለው ሲታዩ ነው፣ አሁንም ከፍ ካሉ ሌላ ትራስ ጨምሪ። ከዛ ቅልጥምሽን በቅልጥምሽ ላይ ልል አድርገሽ አጣምሪ፣ እግርሽን ጭንሽ ላይ አታውጪ፣ በአየር ላይ የቀረውን ጉልበት ከስሩ በትራስ ደግፊው። ስትጨርሺ ደሞ እግርሽን በጉልበትሽ ጉልበት አትፍቺው፣ በሁለት እጅሽ ከጭንሽ ስር ይዘሽ ልክ የተኛ ሕፃን እንደምታነሺ አንስተሽ ዘርጊው። ይሄም ካመመሽ ወንበር ላይ ተቀመጪና ትንፋሽሽን ስሪ፣ ትንፋሹ ጉልበት አይፈልግም።

ተረከዝ ላይ መቀመጡ፣ ማለቴ ተንበርክከሽ መቀመጫሽን ተረከዝሽ ላይ፣ አንዳንዴም በተረከዞችሽ መሀል መሬት ላይ የሚያስቀምጡት፣ ሁለተኛውን ፈጽሞ አትሞክሪው። እሱ ጉልበትን እስከ መጨረሻው አጥፎ ደሞ ይጠመዝዘዋል። የሕፃን አስተኛኘት የሚሉትን፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካቱን፣ የምትወጂው ይመስለኛል፣ ወገብ ታሞ የማይወደው የለም። ጋቢውን ጠቅልለሽ ባትሽና ጭንሽ መሀል አስገቢው፣ ጉልበትሽ እስከ ጥግ እንዳይታጠፍ። ካልሆነ ተገልበጪ፣ በጀርባሽ ተኚና ጭኖችሽን ወደ ሆድሽ ሳቢ፣ ስትስቢ እጅሽ ቅልጥምሽ ላይ ሳይሆን ከጭንሽ ስር ይሁን፣ ቅልጥምሽን ከያዝሽ ያው ጉልበቱን እያጠፍሽው ነው። ለወገብሽ የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነው።

ርግብ የሚሉትንም፣ አንዱን እግር ከፊት አጥፎ ሌላውን ወደ ኋላ መዘርጋቱን፣ በዚሁ በጀርባ ቀይሪው። ቀኝ ቁርጭምጭሚትሽን ግራ ጭንሽ ላይ አስቀምጪ፣ የቀኝ እግርሽን ጣቶች ወደ ቅልጥምሽ ሳቢያቸው፣ ይሄ ጉልበቱን ያጠብቀዋል፣ ከዛ በግራ ጭንሽ ስር መቀነቱን አዙረሽ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ ጎትቺ። መሳቡ ሊሰማሽ የሚገባው መቀመጫሽ ላይ ነው። ጉልበትሽ ላይ ከተሰማሽ መቀነቱን ላላ አድርጊው፣ አሁንም ከተሰማሽ ተይው ለዛሬ። ዳሌ የሚከፈተው በዚህ ዓይነት ነው፣ በሳምንት 3 ቀን ብትሰሪው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ራስሽ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ቆመው ከሚሰሩት ዋሪየር ቱ የሚሉትን በደንብ እዪልኝ፣ እግርን አንፈርክኮ የፊተኛውን ጉልበት ማጠፉን። እዚህ ላይ የሁላችንም ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ወደ አውራ ጣት በኩል፣ ስንደክም ደሞ ይባስ። ወደ ታች አይተሽ ከጉልበትሽ በውስጥ በኩል አውራ ጣትሽ የሚታይሽ ከሆነ ልክ ነሽ፣ ካልታየሽ ጉልበትሽ ሸፍኖታል ማለት ነው፣ ወደ ውጭ መልሺው። አቅጣጫው ከአውራ ጣት ቀጥላ ወዳለችው ጣት ይሁን። ጉልበትሽ ከቁርጭምጭሚትሽ አልፎ ወደ ፊት አይሂድ፣ እርምጃሽን አሳጥሪና ግማሽ ብቻ ዝቅ በይ፣ ዩቱቧ ልጅ ጭኗ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ቢሆንም። ትሪያንግል የሚሉት ላይ፣ እግርን አንፈርክኮ ወደ ጎን ማዘንበሉ ላይ፣ ደሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ እግሩ ቀጥ ይላል፣ ሰው ጉልበቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ይቆልፈዋል፣ አንቺ ትንሽ ብቻ አጠፍ አድርጊውና የጭንሽን ጡንቻ አጥብቂ፣ እጅሽን ደሞ መሬት ፍለጋ አታንከራትቺው፣ ጀሪካኑ ላይ አሳርፊው። ወንበር የሚመስለውን ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ቁጢጥ የሚያስብሉትን ዝለዪው። ወደ ኋላ በዝላይ የሚሄዱትን በእርምጃ ሂጂው። መሬት መንበርከክ ካለ ማቱ ብቻ አይበቃም፣ ጋቢውን ከስር አድርጊ፣ ክብደትሽም የጉልበትሽ ሎሚ ላይ ሳይሆን ከሎሚው ከፍ ብሎ ጭንሽ ላይ ይረፍ።

አሁን ማንም በዩቱብ ስለማይወደው ነገር፣ ምክንያቱም ፎቶ አይወጣለትም። ያንቺ ጉልበት መለጠጥ ሳይሆን ጡንቻ ነው የጎደለው ባይ ነኝ። ደረጃ ሲወርዱ ክብደትን ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው የጭን የፊት ጡንቻ ነው፣ ጉልበት ሲያም ሰው ያንን እግር መጠቀም ይፈራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ ጉልበቱ የባሰ ያማል፣ እንዲህ ይዞርብሻል። ሁለቱን ጭኖችሽን እስኪ አሁን ነክተሽ አወዳድሪያቸው፣ ቀኙ ላላ ብሎ ካገኘሽው አትገረሚ። መሬት ላይ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ፣ ከቀኝ ጉልበትሽ ስር ጠቅለል ያለ ፎጣ አድርጊ፣ ፎጣውን በጉልበትሽ ወደ መሬት ተጫኚው፣ የጭንሽ ጡንቻ ድንጋይ ሲሆን ይሰማሽ፣ 5 ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ። ከዛ በጀርባሽ ተኝተሽ ግራውን አጥፈሽ ቀኙን ቀጥ አድርገሽ አንድ ክንድ ያህል አንሺው፣ ቀስ ብለሽ መልሺ፣ 10። ከዛ ሁለቱንም አጥፈሽ መቀመጫሽን ከመሬት አንሺ፣ ድልድዩ እሱ ነው፣ ዮጋም ፊዚዮቴራፒም ይጋሩታል። መጨረሻ ላይ ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ቧ ብለሽ አትውደቂበት፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ትራስ ጨምሪበት። ጠቅላላ 15 ደቂቃ አይሞላም። ጡንቻ እንዲህ በሳምንት ውስጥ አይመጣም፣ ከ2 እስከ 3 ወር ስጪው።

መቼ እንደበዛብሽ እንዴት ታውቂያለሽ? ጡንቻ ላይ የሚሰማ መቃጠል፣ መሳብ፣ ጭንሽ መሀል ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር፣ እሱ ጤና ነው። በአንድ ጣት «እዚህች ጋ» ብለሽ መጠቆም የምትችዪው፣ ሎሚው ስር ወይ በሁለቱ ጎኖች፣ ስለታም ነገር ከሆነ ወዲያው ውጪ። እና ትልቁ ዳኛ በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ ደረጃ ናት። ትናንት ከነበረው የባሰ ከቆጠቆጠሽ ወይ ካበጠ ትናንት የሰራሽው በዝቷል፣ በግማሽ ቀንሺው፣ እንደትናንቱ ከሆነ ቀጥዪ።

ደረጃ ካልኩ አይቀር፣ እህቴ፣ አንቺ ዮጋ የምትሰሪው በቀን 30 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ደረጃው ግን ስንት ጊዜ ነው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ሲያልቅ ጀሪካን ተሸክመሽ እንደምትወጪ ሳትነግሪኝም አውቃለሁ። ደረጃ ላይ ጉልበት የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት 3 እጥፍ በላይ ነው፣ ሲወርዱ ደሞ ይብሳል። 65 ኪሎ ብትሆኚና 20 ሊትር ጀሪካን ብትጨምሪ እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ከ250 ኪሎ በላይ መጣ ማለት ነው። ልጆቹ ከደረሱ በ5 ሊትር እየተከፋፈላችሁ አምጡት፣ ገንዘብ ካለሽ ለሚያወጣ ልጅ ክፈዪ፣ ለማሰሪያ ከምታወጪው ይሻላል። በሚያምሽ ቀን ደሞ ስትወጪ ጤነኛው ግራ እግርሽ ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው ቀኙ ይቅደም፣ የእጅ መደገፊያውን ይዘሽ። በቀኝሽ ብትወርጂ ክብደቱን ይዞ የሚያወርድሽ ግራው ነው፣ ለዛ ነው። ልብስ ስታጥቢ ሳፋውን መሬት አታድርጊው፣ በርጩማ ላይ ተጣጥፈሽ ሁለት ሰዓት ከምትቆዪ ሳፋውን ወንበር ላይ አውጥተሽ ቆመሽ እጠቢ። ቡና ስታፈዪም ከፍ ያለ ወንበር ይሁንልሽ፣ ረከቦቱ ከፍ ቢል ማንም አይቀየምም።

የጎረቤትሽ ሪህ የሚለው ነገር፣ እኛ ሀገር ከወገብ በታች የሚያም ሁሉ ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ሪህ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የእግር አውራ ጣት ላይ ነው፣ ድንገት፣ ሌሊት፣ አንሶላ እንኳን እስከማያስነካ ድረስ ቀልቶ ግሎ። ያንቺ ከመውደቅ በኋላ መጥቶ ደረጃ ላይ የሚብስ ነው፣ አይመስልም። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ከጠረጠሩ ደም ይመረምሩሻል፣ እስከዛው ሥጋና ምስር ከቤት አታባርሪ።

ማሰሪያውን ወንድምሽ ይግዛልሽ፣ አንጀቱን አትቁረጪው፣ እንደ ካልሲ የሚጠለቀው፣ ብረት የሌለው ይበቃሻል፣ ገበያ ስትሄጂና ረጅም መንገድ ስትሄጂ አድርጊው። ግን ዮጋ ስትሰሪ አውልቂው፣ አንደኛ ህመሙን እንድትሰሚው፣ ሁለተኛ ማሰሪያ ለብሼያለሁ ብሎ ሰው የማይደፍረውን ይደፍራል። ማታም አትተኚበት።

እናትሽን በተመለከተ ተቃዋሚ አታድርጊያቸው፣ ግማሽ እውነት አላቸው። ስግደት ዮጋ አይደለም፣ ዮጋም ስግደት አይደለም፣ ለጉልበት ግን ሁለቱም ያው መታጠፍ ናቸው፣ በሰሙነ ሕማማት ስንቱ ጉልበቱን ይዞ እንደሚከርም ታውቂያለሽ። ያንቺን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም፣ ስትሰግጂም ከጉልበትሽ ስር ጨርቅ ነገር አድርጊ። እናትሽም በዚህ ዕድሜያቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ይመስለኛል፣ አይናገሩ እንደሆነ እንጂ። አንድ ቀን አንቺ ጋቢ ስትጠቀልዪ እሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጪያቸውና ቀኝ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው 5 ይቁጠሩ፣ ከዛ ግራውን፣ አስር አስር ጊዜ። የህንድ ነው ካሉሽ የፊዚዮቴራፒ ነው በያቸው፣ ውሸት አይሆንብሽም።